የጨጓራ ባክቴሪያ ፕሮቲኖቹን እንዴት ይቸክላል?

ባለፈው እሑድ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ጅማ ክረምቱ ገብቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ መሰማማት ቸግሮን ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ እማማ ከመቀነታቸው ጫፍ አንድ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ።

«አንቺ ላቦራቶሪ አይደል የምትሠሪው? እስቲ ምን እንደሚል ንገሪኝ።»

የሰገራ ምርመራ ውጤት ነው። «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ይላል፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል ማለት ነው። ነገርኳቸው። እማማን ጨጓራቸው ካስቸገራቸው ዓመታት አልፈዋል። አብሽ ጠጥተዋል፣ ተልባ ጠጥተዋል። በርበሬ ትተዋል፣ መልሰው ጀምረዋል። ቡናን ግን አልተዉም። ጅማ ተቀምጦ ቡና መተው እንዴት ይሆናል!

«እኔን የማይገባኝ» አሉ ስኒውን እያቀበሉኝ፣ «ጨጓራ እኮ ሥጋ የሚያሟሟ ነገር ነው። ይሄ ተሐዋሲ እዚያ ውስጥ ቤት ሠርቶ እንዴት ይቀመጣል?»

የመለስኩላቸው ሁላችንም የተማርነውን ነው። ባክቴሪያው ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። በዚህ ኢንዛይም በጨጓራችን ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል። ከዚያ ጅራቶቹን እያሽከረከረ ጨጓራን የሸፈነውን ዝልግልግ ንፍጥ ሰንጥቆ ይገባና አሲዱ የማይበረታበት ቦታ ላይ ይሰፍራል። ይህ እውነት ነው። እሳቸውም ረኩ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ ግማሹን ብቻ እንደነገርኳቸው ተሰማኝ። «ቤት ሠርቶ» ብለው ነበር የጠየቁኝ። እኔ ስለ ቤቱ ምንም አላልኩም።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቤት ነው። በተለይ ደግሞ በቤቱ ግድግዳና አጥር ላይ ስለሚተከሉ፣ ሊፖፕሮቲን ስለሚባሉ ነገሮች። ስሙ አያስፈራችሁ። «ሊፖ» ማለት ስብ ነው። ስብ የተለጠፈበት ፕሮቲን ማለት ነው፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልለይ። ሐኪም ኮሌስትሮል ሲያስለካችሁ የምትሰሟቸው የደም ሊፖፕሮቲኖች አሉ። እነሱ በደም ውስጥ ስብ ተሸክመው የሚዞሩ እንክብሎች ናቸው። የባክቴሪያው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው።

ስለ ባክቴሪያው ራሱ ጥቂት ልበል። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ብለው ያምኑ ነበር። ቁስሉ የሚመጣው በጭንቀትና በአሲድ ብዛት ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የሚባል ሐኪም ከሕመምተኞች በተወሰደ የጨጓራ ናሙና ላይ ጠምዛዛ ባክቴሪያዎችን ማየት ጀመረ። ከወጣቱ ባልደረባው ከባሪ ማርሻል ጋር ሆነው ሊያሳድጓቸው ቢሞክሩም ደጋግሞ አልሳካ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን የፋሲካ በዓል መጣና የማሳደጊያ ሳህኖቹ ከተለመደው በላይ ቀናት ቆዩ። ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ጠበቃቸው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ይህን ባክቴሪያ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የተሸከሙት ሁሉ ይታመማሉ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ሳያውቀው አብሮት ያረጃል።

አሁን ወደ ቤቱ።

አንድ ኤች ፓይሎሪ ርዝመቱ 3 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ 300 ያህሉን ጫፍና ጫፍ አገናኝቶ መደርደር ይቻላል። ይህን የምታህል ነገር ግን ግቢ ያለው ቤት አላት። እኛ ሰፈር ያሉትን ቤቶች አስቡ። መጀመሪያ የቤቱ ግድግዳ አለ። ቀጥሎ ግቢው፣ ከዚያ አጥሩ። ባክቴሪያውም እንደዚያ ነው። የውስጥ ሽፋን አለው፤ እሱ ግድግዳው ነው። የውጭ ሽፋን አለው፤ እሱ አጥሩ ነው። በሁለቱ መካከል ውሃ የሞላው ጠባብ ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያው ቅርጹን እንዲይዝ የሚያደርግ፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ ስስ ነገር ተዘርግቷል።

የቤቱ ሁሉ ዕቃ የሚሠራው ከግድግዳው ወዲህ፣ እቤት ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ወጥ ቤት የለም። አጥሩ ላይም ማብሰያ የለም። ጉልበት የሚሰጠው ነዳጅ፣ ማለትም ኤቲፒ የሚባለው ሞለኪውል፣ ከግድግዳው ወጥቶ ግቢው ውስጥ አይገኝም። እና አጥሩ ላይ መቆም ያለበት ፕሮቲን እቤት ተሠርቶ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ግቢውን ተሻግሮ፣ ነዳጅ በሌለበት ቦታ በትክክል መተከል አለበት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጨጓራ ውስጥ መኖር የሚከብደው በአሲዱ ብቻ ይመስለናል። ባክቴሪያው ግን በየደቂቃው ከዚህም የማያንስ ሥራ ይሠራል። የገዛ ዕቃውን በየቦታው ያደርሳል።

ስቡ ለምን አስፈለገ? ቅቤ የነካውን ሳህን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ይንሸራተታል፣ ቅቤው ይቀራል። ስብ ውሃ አይወድም። ከስብ ጋር መሆን ነው የሚፈልገው። የባክቴሪያው ግድግዳም አጥሩም ከስብ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አንድን ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ማሰር ከፈለጋችሁ ጫፉን ስብ ቀቡት። ስቡ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይያዛል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ውሃው ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይሠራል።

ቦዬ በኩል ማታ ማታ ስመለስ የማየው ነገር አለ። ልጆች ጥጃ ያስራሉ። ረግረጉ ዳር ያለው መሬት ለስላሳ ነው። አንዱ ልጅ ችካሉን በድንጋይ ሦስት አራት ጊዜ ይመታዋል። ከዚያ በእግሩ ገፋ አድርጎ ያየዋል። ከነቃነቀ እንደገና ይመታዋል። ገመዱን ያስርና ይሄዳል። ጥጃዋ በገመዱ ልክ እየዞረች ትግጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አትሄድም። ሊፖፕሮቲን ማለት ይህች ጥጃ ናት። ስቡ ችካሉ ነው። በስቡና በፕሮቲኑ አካል መካከል ያለው ልል ክፍል ገመዱ ነው። ጥጃዋ የምትግጠው ችካሏ የተመታበት ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ለባክቴሪያውም እንዲሁ ነው። ፕሮቲኑን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የት እንደቸከሉት ደግሞ ሌላ። የተሳሳተ ቦታ የተቸከለ ፕሮቲን እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እንዲያውም አንዳንዴ ባለቤቱን ይገድላል።

ችካሉ እንዴት ይገጠማል?

ፕሮቲኑ መጀመሪያ ሲሠራ ፊቱ ላይ መለያ ይዞ ይወጣል። ቡና መጋዘን የሚሠሩ ሰዎች ጆንያ ላይ የሚጽፉትን አስቡ፤ ይህ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል የሚለውን። የፕሮቲኑ መለያ 20 ገደማ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚጻፍባቸው ፊደላት፣ ያሉት አጭር ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው መውጫ በር ይህን መለያ አይቶ ፕሮቲኑን ያሳልፈዋል። በመለያው መጨረሻ ላይ ደግሞ አራት አሚኖ አሲዶች ያሉት ልዩ ምልክት አለ። አራተኛው ምንጊዜም ሲስቲን ነው። ሲስቲን ውስጥ ሰልፈር አለ፤ ችካሉ የሚገጠመው እዚያ ሰልፈር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ኢንዛይሞች በተራ ይሠራሉ። ኤልጂቲ የሚባለው ከሽፋኑ ላይ ሁለት የስብ ጭራ ያለው ነገር ወስዶ ሲስቲኑ ላይ ይገጥማል። ኤልኤስፒኤ የሚባለው ቀጥሎ ይመጣና መለያውን ልክ ከሲስቲኑ በፊት ይቆርጠዋል። መንገዱን ካሳየ በኋላ መለያው አያስፈልግም። አሁን ሲስቲኑ የፕሮቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ሆነ። ሦስተኛው ኤልኤንቲ ነው። እሱ በመቆረጡ በተገለጠው ጫፍ ላይ ሦስተኛ የስብ ጭራ ይጨምራል። ባለሦስት ጣት ችካል ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከግድግዳው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ሊፖፕሮቲኖች ሁሉ ግድግዳው ላይ ተቸክለው ቆመዋል፤ አጥር ላይ መሄድ ያለባቸውም፣ እዚያው መቅረት ያለባቸውም።

መለየቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከሌላ ባክቴሪያ፣ ከኢ ኮላይ ነው። ኢ ኮላይ አንጀታችን ውስጥ የሚኖር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በቀላሉ የሚያድግ፣ ሳይንቲስቶች ለአሥርተ ዓመታት የተማሩበት ነው። ከ90 በላይ ሊፖፕሮቲኖች አሉት። አብዛኞቹ ወደ አጥሩ ይሄዳሉ። የሚሄዱትን የሚያጓጉዘው ሎል የሚባል ሥርዓት ነው። አምስት ፕሮቲኖች አሉት። ሦስቱ፣ ማለትም ሎል ሲ፣ ሎል ዲ እና ሎል ኢ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ላይ ቆመዋል። ሎል ዲ ኤቲፒውን ያቃጥላል። በዚያ ጉልበት ሊፖፕሮቲኑን ከነችካሉ ከግድግዳው ይነቅሉታል።

ነቅለው ግን ውሃ ላይ ሊጥሉት አይችሉም። ባለስብ ጫፍ ውሃ ውስጥ ከተለቀቀ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይበላሻል። እዚህ ላይ ሎል ኤ ይመጣል። ሎል ኤ ግቢው ውስጥ የሚመላለስ አዛይ ነው። ውስጡ ውሃ የማይወድ ኪስ አለው፤ የስቡን ጫፍ እዚያ ውስጥ ሸሽጎ ይይዘዋል። ልጅ በአንቀልባ አዝላ ዝናብ የምታሻግር እናት ትመስለኛለች ይህቺ ሞለኪውል። ግቢውን ታሻግርና አጥሩ ላይ ለቆመው ለአምስተኛው፣ ለሎል ቢ ታስረክባለች። ሎል ቢ ራሱ ሊፖፕሮቲን ነው፤ አጥሩ ላይ ተቸክሎ ይጠብቃል። ተቀብሎ ስቡን አጥሩ ውስጥ ይሰካዋል። እነዚህ የመጨረሻ ሁለት ርክክቦች ነዳጅ አያስፈልጋቸውም። ኪሶቹ ስቡን የሚይዙበት ጥንካሬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየጨመረ ስለሚሄድ በራሱ ወደፊት ይፈሳል።

እዚያው ግድግዳው ላይ መቅረት ያለባቸውስ? ኢ ኮላይ ውስጥ አንድ ቀላል ሕግ አለ። ከሲስቲኑ ቀጥሎ ያለው አሚኖ አሲድ አስፓርቴት ከሆነ ሎል አይነካውም፤ ይቀራል። አንዲት ፊደል ናት የምትወስነው። እኔ ተማሪ ሆኜ ይህን ስማር በጣም ስለገረመኝ ደብተሬ ዳር ላይ አስምሬበት ነበር። ኋላ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች በዚህ ሕግ እንደማይገዙ ተረዳሁ። ሱዶሞናስ የሚባለው ለምሳሌ ሲስቲኑን አንድ ብሎ ቆጥሮ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቦታ ነው የሚያነበው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአንድ ባክቴሪያ የተማርነውን ለሁሉም ማልበስ አይቻልም ማለት ነው።

ወደ ጨጓራችን እንግዳ ስንመጣ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። የኤች ፓይሎሪ ሙሉ የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ተነበበ። ትንሽ ነው፤ 1.67 ሚሊዮን ፊደላት፣ 1,600 ገደማ ጂኖች። የኢ ኮላይን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚህ ውስጥ ሳይንቲስቶች የሎል ሥርዓትን አባላት ፈለጉ። ሎል ኤ አለ። ሎል ዲ አለ። ሎል ሲ እና ሎል ኢ ግን ሁለት ሆነው አይታዩም። በነሱ ቦታ የሁለቱንም መልክ የያዘ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሎል ኤፍ ተባለ። ሎል ኤፍ ከራሱ ቅጂ ጋር ተጣምሮ የሁለቱን ቦታ ይሸፍናል። ሎል ቢ ደግሞ ጭራሽ የለም።

እስቲ አስቡት። ኢ ኮላይ ያለ ሎል ቢ በሰላም መኖር አይችልም። እዚህ ግን አጥሩ ጋ ቆሞ ዕቃ የሚረከብ ሰው የለም፤ ዕቃው ግን ይደርሳል። ታዲያ ማን ይሰካዋል? እ.ኤ.አ. በ2023 ሎል ቢ በሌለው በሌላ ባክቴሪያ ላይ በተሠራ ጥናት መልስ ተገኘ። እዚያ ሎል ኤ ራሷ ሁለቱንም ትሠራለች። አዝላ ታሻግራለች፤ ደርሳም አጥሩ ላይ ትተክላለች። የጥንቶቹ ባክቴሪያዎች በአንዲት ሎል ኤ ይሠሩ ነበር፤ ሎል ቢ ኋላ የመጣ ልዩ ሙያተኛ ነው ወደሚል ሐሳብ ያመራል ይህ። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ያደግንበት አስተሳሰብ ተገለበጠብኝ። ኤች ፓይሎሪ አንድ አካል የጎደለው ይመስለኝ ነበር። ምናልባት የጎደለው ነገር የለም፤ ኢ ኮላይ ነው የጨመረው።

ይህ ሁሉ ለእማማ ጨጓራ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል።

ሁለት ሊፖፕሮቲኖችን ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ኤችፒኤኤ ይባላል። የኤች ፓይሎሪ ጅራቶች እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች እርቃናቸውን አይደሉም፤ አጥሩ ራሱ ተስቦ እንደ ሰገባ ያለብሳቸዋል። ኤችፒኤኤ የሚገኘው እዚያ ሰገባ ላይም ጭምር ነው። ሰውነታችን ያውቀዋል፤ የተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ በእሱ ላይ የተሠራ ፀረ አካል ይገኛል። ለዚህም ነው ክትባት ለመሥራት የሚሞክሩ ሰዎች ደጋግመው ዓይናቸውን የሚጥሉበት።

ሁለተኛው ካግ ቲ ነው። አንዳንድ የኤች ፓይሎሪ ዝርያዎች መርፌ አላቸው። እውነተኛ መርፌ ማለቴ ነው፤ ከብዙ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ፣ ግድግዳውንም ግቢውንም አጥሩንም ሰንጥቆ የሚያልፍ መሣሪያ። በዚህ መርፌ ካግ ኤ የሚባል ፕሮቲን ወደ ጨጓራችን ሕዋስ ይወጋል። ካግ ኤ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ያናጋል። ካግ ኤ ያለው ዝርያ የያዘው ሰው ለቁስልም ለጨጓራ ካንሰርም ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። የመርፌው የውጭኛው ክፍል በአጥሩ ላይ የተቀመጠ ቀለበት ነው። ቀለበቱን ከሚሠሩት አምስት ፕሮቲኖች አንዱ ካግ ቲ ነው። ካግ ቲ ሊፖፕሮቲን ነው። ችካሉ አጥሩ ላይ ካልገባ ቀለበቱ አይቆምም፤ ቀለበቱ ካልቆመ መርፌው አይወጋም።

ስለዚህ አንድ የስብ ጭራ የት እንደገባ የሚለው ጥያቄ እዚህ ጅማ ሰው ሆድ ውስጥ ቁስል ይኖራል አይኖርም ከሚለው ጥያቄ ጋር ይገናኛል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ይህንን በቀጥታ ፈተሸ። ተመራማሪዎቹ ኤች ፓይሎሪ ላይ ኤልኤንቲን፣ ያን ሦስተኛ ጭራ የሚጨምረውን፣ አጠፉ። ሎል ዲንም ለብቻው አጠፉ። ኢ ኮላይ ላይ እነዚህ ሁለቱ ከጠፉ ሞት ነው። ኤች ፓይሎሪ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ማደጉን ቀጠለ። የመርፌው ሥራ ግን ደከመ። በሌላ አባባል ባክቴሪያው ይኖራል፤ የሚዋጋበት ነገር ግን ይዳከማል። ይህንን ውጤት ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አንድን ጀርም ሳይገድሉ ጥርሱን ማውለቅ የሚቻልበት መንገድ አለ ብሎ ማሰብ የሚያስችል ነው። እርግጥ ሳህን ላይ ማደግና ሰው ጨጓራ ውስጥ መኖር አንድ አይደሉም።

የሰውነታችን መከላከያም ይህን ችካል ያውቀዋል። በሕዋሶቻችን ላይ ቲኤልአር 2 የሚባል ዘብ አለ። የእሱ ሥራ የባክቴሪያ የስብ ጫፍን መለየት ነው። ሁለት ጭራ ይሁን ሦስት ጭራ እንኳ ለይቶ ያውቃል፤ ለያንዳንዱ የተለየ አጋር ይጠራል። እንዲህ ያለ ስብ በሰው ፕሮቲን ላይ በዚህ መልኩ አይገጠምም። ስለዚህ ዘቡ ሲነካው «ባዕድ ገባ» ብሎ ይጮኻል፤ እብጠቱም መቃጠሉም ይከተላል። ጨጓራ ሲቆጣ የሚሰማን ሕመም ከፊሉ ባክቴሪያው ያመጣው ነው፤ ከፊሉ ግን የራሳችን ዘብ ጩኸት ነው።

መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች እነዚህን ኢንዛይሞች የሚመኟቸው በሌላም ምክንያት ነው። ኤልጂቲም ኤልኤስፒኤም ሰው ውስጥ የሉም። የሌለንን ነገር የሚመታ መድኃኒት እኛን የመጉዳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ ግሎቦማይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ከአፈር ባክቴሪያ ተገኘ። ኤልኤስፒኤን ይይዘዋል። መለያው አይቆረጥም፤ ፕሮቲኑ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኢ ኮላይ ዱላ መሰል ቅርጹን አጥቶ እንደ ኳስ ይነፋል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ግሎቦማይሲን እስካሁን ለሕመምተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም። በሩ ግን የት እንዳለ አሳይቷል።

በሩ ደግሞ ያስፈልገናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ የሚያስፈልጋቸውን ባክቴሪያዎች ሲዘረዝር፣ ክላሪትሮማይሲን የማይበግረውን ኤች ፓይሎሪ በከፍተኛ ደረጃ አስቀምጦት ነበር። ክላሪትሮማይሲን ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። እዚህ ከተማችን ውስጥ ሰው ጨጓራ ሲያመው ከመድኃኒት ቤት የሦስት ቀን እንክብል ገዝቶ ውጦ፣ ሲሻለው ትቶ፣ የቀረውን ለእህቱ ሲሰጥ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም ያየሁት። ልቤን ያሳዝነዋል። ያቺ ግማሽ ዶዝ ደካሞቹን ገድላ ጠንካሮቹን ታስቀራለች።

ደግሞ ልብ በሉ፦ ቡናም በርበሬም ባክቴሪያውን አያመጡትም። ያመመውን ሊያባብሱት ይችላሉ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ባክቴሪያው የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ በአፍ በኩል፣ በአብዛኛው በልጅነት፣ ቤተሰብ ውስጥ። እማማ በርበሬ ትተው ያሳለፏቸው ወራት ባክቴሪያውን አልነኩትም ነበር።

ትናንት ማታ ሄጄ ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ጥጃዋን፣ አዛይዋን። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ጀምረዋል፤ ለ14 ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፓኬት ተደርድሯል። እንክብሉን ጠዋትና ማታ ሲወስዱ እንዳይረሱት የልጅ ልጃቸው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግላቸዋለች። አምስት ምልክት ቆጠርኩ።

እማማ ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ ፓኬቶቹን አነሡና «ታዲያ ከነዚህ ችካሉን የሚነቅለው የትኛው ነው?» አሉኝ።

አንዱም አልኳቸው። ኦሜፕራዞሉ አሲዱን ይቀንሳል። አሞክሳሲሊኑ ግቢው ውስጥ ያለውን መረብ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ክላሪትሮማይሲኑ እቤት ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራበትን ቦታ ያቆመዋል። ችካሉን የሚነቅል ገና እየተፈለገ ነው።

«እሱ እስኪመጣ» አሉና የማታውን እንክብል ከፓኬቱ ገፍተው አወጡ፣ «ውሃ አቀብዪኝ።»